የመርዶ ብስክሌት በምጽዋ መንገድ

ብስክሌቴን ይዤ ከመቀሌ በውቅሮ መንገድ ስወጣ በየመንደሩ ደጃፍ የተቀመጡ ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ይጭኑ ነበር። ገና ሩቅ ሳለሁ ነው። ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ የሞተ ሰው መኖሩንም ሳያረጋግጡ፣ ጎማው በፀሐይ ብልጭ ሲል ብቻ አይተው። አንዳንዷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ጎረቤቷ ቤት ትገባለች፤ መርዶው የእሷ ከሆነ ቤቷ እንዳያገኛት።

ነገሩ የተጀመረው ጣልያን በወጣ ሰሞን ነው። በሰፈራችን አንዲት ባልቴት ሞቱ፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ማይ መኽደን ተድራ ነበር። ቀብር ደግሞ በዕለቱ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደርሶ ልጅቱን ይዞ እስኪመለስ አፈሩ ይደርቃል። እኔ በዚያን ጊዜ ገበያው አጠገብ ከአንድ ወሎዬ ብስክሌት ጠጋኝ ጋር እሠራ ነበር። ሰውየው ጣልያኖች ጥለዋቸው ከሄዱ ሦስት የሞቱ ብስክሌቶች አንድ የምትሄድ ብስክሌት አውጥቶ ነበርና፣ የዕድሩ ሽማግሌ መጥተው «ይሄን ልጅ በእሷ ላክልን» አሉት። ሄድኩ። ልጅቱ በበቅሎ ለቀብሩ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ በሰሜን በኩል እስከ ውቅሮ፣ በምሥራቅ እስከ ኵሓና ከዚያም ማዶ፣ ለቀብር ጠሪው፣ መርዶ አድራሹ እኔ ሆንኩ።

መርዶ ግን ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። ደርሰህ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ትፈልግና በጆሮው ትነግረዋለህ። እሱ ሌሎችን ይጠራል። ቀብሩ ያለፈ ከሆነ፣ አገሩም ሩቅ ከሆነ፣ ባለመርዶው በልቶ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹ ተሰብስበው ይመጡና ዙሪያውን ከበው ሲቀመጡ ያኔ ይነገረዋል። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው «የመጣሁበትን ነገ እነግርሃለሁ» ካለህ ሌላ የሚነግርህ ነገር የለም፤ ነግሮሃል።

«አንተ ልጅ» ይለኝ ነበር ጠጋኙ፣ «ይቺን ብስክሌት እኮ ለቅሶ አስለመድካት። ጎማዋን ስነፋት እንኳ ሲቃ ይይዛታል።»

«አያ፣ ጎማዋ ቀዳዳ ስለሆነ ነው።»

«የቀዳዳውን ድምፅ ከለቅሶ ለይቼ የማላውቅ መሰለህ?»

መርዶ በሌለበት ቀንም እወጣ ነበር። እግሬ ቤት መቀመጥ አይችልም። ከኵሓ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መሬቱ የሚቆረጥበት ጠርዝ አለ፤ ጨው የጫኑት ግመሎች ከዚያ በታች ካለው በረሃ ነው የሚወጡት። ጠዋት ላይ ከታች ያለው አገር በሙሉ በነጭ ጉም ይሞላል። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና ባሕር እንደዚያ ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ግጥም እሞክራለሁ። አንድ ቀን ከዚያ ስመለስ እንስራ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ማንን ነው?» አለችኝ።

«ማንንም አይደለም እናቴ። አገር ለማየት ወጥቼ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የኛን አገር ደግሞ ማን ገደለውና ልታየው መጣህ?» ብላ አለፈች።

እንግዲህ ሰው ሁሉ እንዲህ በሚፈራት ብስክሌት የራሴን ወንድም ፍለጋ ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሜ ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ለሥራ ወደ ምጽዋ ወረደ። ሚስቱን በሰማንያ ካገባት አራት ወር አልሞላውም ነበር። ለአንድ ክረምት ብሎ ሄዶ ስድስት ዓመት ጠፋ። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ሚስቱ እናቴ ቤት ቀረች፤ ከእናቴ ጋር ትፈትላለች፣ ከእናቴ ጋር ትጾማለች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃያ አራት ገባ። ከዚያ አንድ ከወደቡ የተመለሰ ሰው ጣልያኖች ሊሸሹ ሲሉ መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ እንዳሰጠሟቸው፣ ዕቃ ሲያወርዱ ከነበሩት የኛ ሰዎች አብረው የሰጠሙ እንዳሉ፣ ወንድሜም ከነሱ አንዱ መሆኑን አወራ። አይቷል ወይ ቢባል አላየም። ከሰው ሰምቶ ነው።

ዘመድ ሁሉ ለቅሶ እንቀመጥ አለ። እናቴ እንቢ አለች። «ዐይን ያላየውን ልጄን በወሬ አልቀብርም» አለች፣ ከዚያ በላይ ቃል አልጨመረችም። የወንድሜ ሚስት አባት ግን በጥር መጀመሪያ ከመንደሩ መጣና እናቴ ፊት ቆመ፣ ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም።

«እመቤቴ፣ አላስቸገርኩሽም። ግን ይቺ ልጄ ሚስት ናት ወይስ የሙት ሚስት? ሞቶ ከሆነ አልቅሳ ትነሣ፤ በሕይወት ካለ ይምጣ ወይም ይልቀቃት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቁርጡን ንገሩኝ። ጾሙ ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፤ የሚጠይቃት ሰው ደግሞ እስከ ፋሲካ አይጠብቅም።»

እሱ ከሄደ በኋላ የወንድሜ ሚስት ከግቢው ውጭ ጠበቀችኝ። ብስክሌቷን አልፈራቻትም፤ እጀታዋን ያዘች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሂድ» አለችኝ። «ሞቷልም ብትለኝ፣ አለም ብትለኝ፣ አንተን አልረግምም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘህ ና። ባዶ እጅህን ግን አትምጣብኝ።»

ጠጋኙ ብስክሌቷን አንድ ቀን ሙሉ ፈታትቶ ገጠማት። «እስከ አሥመራ በመኪና ጫናት» አለኝ። «ከአሥመራ ወዲያ መንገዱ ራሱ ይወስድሃል። ፍሬኑን አትመነው ግን፤ ቁልቁለቱ ያቃጥለዋል። ደህና የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ከኋላ በገመድ እሰርና እየጎተትክ ውረድ። ያዝ ያደርግሃል።»

«እንደ በሬ?»

«በሬ ልብ አለው። አንተ ገጣሚ ነህ።»

በእህል ጫኝ መኪና፣ ከጆንያ ላይ፣ በአራተኛው ቀን አሥመራ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ዳርቻ ቅርንጫፌን አሥሬ ተነሣሁ።

እዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። አንድ ቤት፣ አንድ የበለስ አጥር፣ ከዚያ ምንም። መንገዱ ነጭ ውስጥ ይገባል። በኵሓ ጠርዝ ቁጭ ብዬ ከላይ የማየው ጉም ነበር፤ አሁን ግን ውስጡ ገባሁ። ከፊቴ ሦስት እርምጃ ያህል አስፋልት ይታየኛል፣ ከዚያ የመንገዱ ዳር ድንጋይ፣ ነጭ የተቀባ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። መታጠፊያው ከመጣ በኋላ ነው መታጠፊያ መሆኑን የማውቀው። ቅርንጫፉ ከኋላዬ ይጎተታል፣ ድምፁም እግሩን እየጎተተ የሚከተል ሰው ድምፅ ነው። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ራሴ ያሠርኩት መሆኑን እያወቅሁ ስንት ጊዜ ዞር አልኩ።

ባቡሩ በዚያው ተራራ ነው የሚወርደው። አይታይም። ፉጨቱን መጀመሪያ ከላዬ ሰማሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ከእግሬ በታች፣ ከድንጋዩ ውስጥ። አንድ ቦታ ጉሙ ተቀደደና ጣልያኖች ከባሕሩ እስከ ደጋው በአየር ላይ የዘረጉት የብረት ገመድ ታየኝ። ዕቃ የሚጫንባቸው ቅርጫቶች እንደ ቆሙ ተንጠልጥለዋል። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚሄዱት ወደ ላይ እንደ ዞሩ፣ ወደ ታች የሚሄዱትም እንዲሁ። በአንዱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ተዘጋ።

ነፋሲት ከመድረሴ በፊት ቅርንጫፉ አልቆ ገመዱ ብቻ ቀረ። ቆሜ ገመዱን ፈታሁና ጠቀለልኩት። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ከኋላዬ፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ሽው፣ ሽው፣ ሽው ሲል። ወደኔ ይመጣል። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። እሱም ቆመ። ጮክ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ መልስ የለም። ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅርንጫፍ የሚጎትት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱም እኔን ፈርቶ ይሆናል። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ፍሬኑን ሳልነካ ወረድኩ።

ከነፋሲት በታች ጉሙ ከራሴ በላይ ቀረ፣ ዞር ብዬ ሳይ የቢዘን ተራራ አናት ከጉሙ በላይ ለብቻው ተቀምጧል፣ ከሥሩ ምንም የያዘው ነገር ሳይኖር። ጊንዳዕ አረንጓዴ ነው፤ የብርቱካን ሽታ አለ፣ ሰዎች እጃቸውን ያነሡልኛል። ማንም እጁን ራሱ ላይ አልጫነም። እዚያ የማን ብስክሌት መሆኗን የሚያውቅ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ጋለብኳት፤ ድልድይ ላይ እየቆምኩ ውሃ አየሁ፣ ከመታጠፊያዎቹ ላይ የተነባበረውን ተራራ እየቆጠርኩ ወረድኩ፣ ዘፈንኩም።

ዶጋሊን ካለፉ በኋላ አየሩ ይወፍራል። ተራራው ይተውሃል፤ ግራር፣ አሸዋ፣ ትኩስ ነፋስ። ከዚያ ከሜዳው መጨረሻ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ቆሞ አየሁ። ቆሞ ነው ያልኩት፤ ባሕሩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ እንደ ግድግዳ ነበር የታየኝ፣ ብጠጋ የሚፈስብኝ መሰለኝ። ስጠጋ ዝቅ እያለ ሄደ።

ከተማው መግቢያ ላይ ሻይ የሚሸጥ አንድ ሰው የትግራይ ሰዎች የት እንደሚሠሩ ነገረኝ። «ጨው ማምረቻው ዘንድ ናቸው። ባሕሩን በግራህ ይዘህ ሂድ፣ ነጭ ክምር ስታይ ደርሰሃል።»

ያ መንገድ ሜዳ ነው፣ ጠባብ፣ በግራ ባሕር በቀኝ የጨው ኩሬዎች። የኩሬዎቹ ውሃ ግማሹ እንደ ወተት፣ ግማሹ እንደ ቀይ ጠጅ ነው። ነፋስ አልነበረም። ፔዳሉን የምረግጥበት ድምፅ እንኳ ጎልቶ ይሰማኛል። ከወደቡ በኩል የሰጠሙት መርከቦች ምሰሶ ከውሃው በላይ ወጥቷል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ጋደል ብሎ፣ ከአንዱ ላይ ገና የልብስ ማስጫ የሚመስል ገመድ ተዘርግቶ። ወንድሜ ከነዚህ ከአንዱ በታች ነው ተብሎ ነበር። እያየሁ ጋለብኩ፣ ሳልፈልግም በልቤ ፍትሐት ጀመርኩ።

ጨው በኛ አገር ተቆርጦ በግመል ጀርባ የሚመጣ ድንጋይ ነው። እዚያ ከውሃ ላይ እንደ ግግር ሲነሣ አየሁት። ሠራተኞቹ በኩሬዎቹ መካከል ተበትነው በአካፋ ይከምራሉ። ነጸብራቁ ዐይን ስለሚያጠፋ ሁሉም ፊታቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል፤ ዐይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከነዚያ ሁሉ አንዱን ወንድሜ ነው ብዬ መለየት አልቻልኩም። በመንገዱ ዳር፣ ብስክሌቴን ይዤ፣ ቆምኩ።

መጀመሪያ ቅርብ ያለው አካፋውን አቆመ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ማንም ሳይናገር ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው እየቆመ ሄደ፣ እስከ ሩቁ ኩሬ። አንድ ሽማግሌ የጠቀለለውን ጨርቅ ከራሱ ላይ አወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። በመጨረሻው ኩሬ ዳር አንድ ሰው ብቻ ፊቱን ሳይገልጥ በነጩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ወንድሜ ነበር።

ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። አለ። ይተነፍሳል። ክርኑ በጨው ተሰነጣጥቋል፣ ጢሙ ውስጥ ጨው አለ፤ ግን አለ። እኔ እያለቀስኩ እየሳቅሁ ነበር። እሱ አልሳቀም። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና «ደከመህ?» አለኝ።

«አልደከመኝም!»

«ዝናቡ እንዴት ነበር ዘንድሮ?»

«ደህና ነበር።»

«አንተስ ደህና ነህ?»

ስለ እናቴ አልጠየቀም። በኛ አገር ሰው ከአንድ ቀን ጉዞ ሲገናኝ እንኳ እናት፣ አባት፣ ከብት፣ ጎረቤት እየተባለ ነው የሚጠየቀው። ስድስት ዓመት ጠፍቶ እናቱን አይጠይቅም። ሚስቱንም። ደሜ ፈላ። ስንት ጊዜ ደጅ ደጁን ስታይ የምትውል እናት እያለችው! ሠራተኞቹ ዙሪያችንን ቆመው ስለ ነበር የሚስቱን ነገር በሰው ፊት ላወጣው አልፈለግሁም። ተቆጥቼ፣ ዐይኑን ሳላይ፣ አልኩት፦

«የመጣሁበትን ነገ እነግርሃለሁ።»

ሽማግሌው ጨርቁን እጁ ላይ ጠቀለለ። «እሺ ልጄ» አለኝ በለስላሳ ድምፅ። «ነገ ይሁን።»

ያንን ቃል ስንት ደጃፍ ላይ ያልኩ እኔ ነኝ። አልታወቀኝም። ድካሙ ነው፣ ንዴቱ ነው፣ አላውቅም። በውቅሮ መንገድ መርዶ አድራሽ ነበርኩ፤ ምጽዋ ላይ ግን ወንድም ብቻ የሆንኩ መሰለኝ።

የሰሌን ጎጆ ውስጥ አስገቡኝ። እግሬን አጠቡኝ። ምግብ አቀረቡልኝ፣ ወንድሜ ከአጠገቤ ተቀምጦ እጁን ወደ ሳህኑ አልዘረጋም። «ብላ እንጂ» አልኩት። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ሆኖ «ቅመስ ልጄ፣ ነገ ኃይል ያስፈልግሃል» አለው። አንድ ሁለት ጉርሻ ዋጠ። ከውጭ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ወሬ የለም፣ ሳል ብቻ። እንግዳ አክባሪ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ገና እየነጋ ነበር። በሰሌኑ ቀዳዳዎች ግራጫ ብርሃን ይገባል። ዐይኔን ስገልጥ ሰዎች አየሁ። በአልጋዬ ዙሪያ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ በበሩ፣ ከበሩም ውጭ፣ ሃያ ይሁኑ ሠላሳ፣ በነጠላ ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ማንም አይንቀሳቀስም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ለቅጽበት የሞትኩት እኔ መሰለኝ፤ በዚያ ጉም ውስጥ አንዱ መታጠፊያ ላይ ቀርቼ፣ እነዚህም እኔን ሊያለቅሱ የመጡ። እግሬን ነካሁ። ይሞቃል።

ወንድሜ መካከል ተቀምጧል። ነጠላውን ወገቡ ላይ አደግድጓል፣ ፀጉሩን ሌሊት ተላጭቷል። ከጎኑ አንድ የታሠረ ጥቅል አለ።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራረገ። «በል ልጄ። ተሰብስበናል። የያዝከውን አውርድ።»

«ምኑን?»

«እኛም ወልደናል፣ ቀብረናል። እናቱ መቼ ዐረፉ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። «እናቴ?» አልኩ። «እናቴ ደህና ናት! ቤቷ ትጠብቀዋለች። እሱ ሞቷል ተብሎ ነው የመጣሁት! ከመርከቡ ጋር ሰጥሟል ብለውን!»

ከዚያ ከበሩ ላይ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ ጎጆው ተናወጠ። ሽማግሌው ዐይኑን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ «አንተ ቀባሪ!» አለኝ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አድርገህ አሳደርከን! በመቀሌ መንገድ አንድ በብስክሌት የሚሄድ መልአከ ሞት አለ ብለው መኪና ነጂዎች ነግረውን፣ ይሄም በምልክቱ ወንድሜ ነው ብሎን፣ አንተ ደግሞ ብስክሌትህን ይዘህ መንገድ ዳር እንደ ሐውልት ትቆማለህ!»

«ለምን እናቴን አልጠየቅኸኝም?» አልኩት ወንድሜን።

«ሰው መርዶውን በራሱ አፍ ይጠይቃል?» አለኝ።

እሱ አልሳቀም ነበር። የተላጨ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ አጎነበሰ፣ «ተመስገን» አለ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ እያየሁት ፊቱ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና ከጎኑ ያለውን ጥቅል መፍታት ጀመረ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከጥቅሉ ውስጥ ጋቢ ወጣ፣ ጫማ ወጣ፣ ለመንገድ የተዘጋጀ ደረቅ እንጀራ ወጣ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ውጭ ሄደና አካፋ ይዞ ተመለሰ። ወንድሜ ሌሊት አካፋውንና አልጋውን ለዚያ ልጅ ሰጥቶት ነበር። አሠሪውን ተሰናብቶ ነበር። ወደ መቀሌ ሊወጣ፣ ከኔ ጋር፣ በዚያው ጠዋት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። «ታጥቀህ የለም? ተዘጋጅተህ የለም? እንሂድ እንጂ!»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት! ለሞተች እናትህ ልትሄድ አልነበረም? በሕይወት ላለችው አትሄድም?»

ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። ሽማግሌው ብቻ ቀረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ወንድሜ አካፋውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ለለቅሶ የሚመጣን ሰው» አለ፣ «ማንም የት ነበርክ አይለውም። ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ ይገባል፣ ይቀበሉታል፣ አብረውት ያለቅሳሉ። ሦስት ቀን ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን የቤቱ ሰው ሆኗል። በሌላ በር ግን በምን አፌ ልግባ? ቡና ላይ ተቀምጣ፣ ፊቴን እያየች፣ ልጄ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ?»

«ምክንያት ቢኖረኝ እነግርህ ነበር። ሌላ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። የመጀመሪያው ዓመት የምልከው ነገር ስላልነበረኝ አፈርኩ። ሁለተኛው ዓመት በመጀመሪያው ዓመት አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ኀፍረትም አልነበረም፤ እዚህ መሆን ብቻ ነው። ስድስት ዓመት መሆኑን እንኳ ትናንት ካንተ ፊት ላይ ነው ያየሁት።»

ለመንኩት። ተቆጣሁ። እናታችን ደጅ ደጁን እንደምታይ ነገርኩት፤ አለቀሰ፣ አካፋውን ግን አልለቀቀም። አንድ ክፉ ሐሳብ በልቤ አለፈ፤ ዛሬም አለ። ጎሕ ሲቀድ አንድ ቃል ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ጊንዳዕ ደርሰን ነበር።

«ስለ ሚስትህስ?» አልኩት በመጨረሻ። «አባቷ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቁርጥ ይፈልጋል።»

ደነገጠ። «አሁንም አላገባችም?»

«በምን ታግባ? ሚስትህ አይደለችም?»

ሽማግሌውን ጠራው። ሽማግሌው ከእንደርታ ነው፣ የልጅቱን አባት በዝና ያውቀዋል። ሦስት ሰዎች ተጨመሩ። እኔ ወረቀት አወጣሁ፣ ግጥም የምጽፍበትን፣ ወንድሜ ያለውን ጻፍኩ፦ በሰማንያ ያገባኋትን በፈቃዴ ለቅቄያታለሁ፣ በደል የለባትም፣ በደሉ የኔ ነው፣ ያሻትን ታግባ። እሱና አራቱ ምስክሮች ጣታቸውን በቀለም ነክረው ተጫኑበት። እስከዚያ ቀን ከጻፍኩት ሁሉ ሰው የፈለገው ያንን ብቻ ነው።

እስከ መንገዱ ዳር ሸኘኝ። ፊቱን መልሶ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። የጨው ሥራው ተጀምሯል፤ ትንሽ ርቄ ዞር ስል ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ።

ሽቅቡን በጭነት መኪና ነው የተመለስኩት። መቀሌ የገባሁት በጠራራ ቀን ነው፣ ጾሙ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። የወንድሜ ሚስት እንዳየችኝ ፈትሏን አስቀምጣ ተነሣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ መልሳ ሰጠችኝ። አነበብኩላት።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት። «በደሉ የኔ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «ሞቷል ብትለኝ አለቅስለት ነበር» አለች። «አሁን ምን ላድርግለት?» ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን አባቷ መጥቶ ወሰዳት። እናቴ ጥጧን ሁሉ አስያዘቻት፣ እስከ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ድረስ አብራት ሄደች፣ ተላቅሰው ተለያዩ።

እናቴ እስከዚያ ቀን ማታ ድረስ የጠየቀችኝ ትንሽ ነው። ከሥቷል ወይ፣ የሚተኛበት አለው ወይ፣ ይጾማል ወይ። ያንን ጠዋት ልነግራት አላሰብኩም ነበር። ልጅቱን ሸኝታ ስትመለስ ግን ባዶው ቤት መካከል ቆማ «ስለኔ ምን አለ?» አለችኝ፣ መዋሸት አቃተኝ። ሁሉን ነገርኳት። ሰዎቹን፣ ሳቁን፣ ጥቅሉን።

አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለኔ ለቅሶ ሊመጣ ዕቃውን ሰጥቶ ነበር?»

«አዎ።»

«አልጋውንም?»

«አልጋውንም። አካፋውንም። ፀጉሩንም ተላጭቶ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ብዙ ጊዜ አይቼ በማላውቀው ዓይነት ፊቷ ቀለል አለ፤ ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ፊት ነበር።

«እንግዲህ አንድ ቀን ይመጣል ማለት ነው» አለች።

እሷ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «በመኪና አራት ቀን አልከኝ? ቁልቁለቱ አንድ ቀን። እሱ እስኪነሣ አንድ ቀን። መመለሻው አምስት፣ ስድስት በል።» ቆም አለች። «ለቀብሬ አይደርስም። ይሁን። ለአርባዬ ግን ይደርሳል፤ አንተ በዚያው ቀን ከተነሣህ።»

ዐይኔን እያየች መልስ ጠበቀች።

እሺ አልኳት።